የማይፈታ ጾም

አንድ የሁዳዴ ቀን ማስተዋል የምትባል ትንሽ ልጅ ሽሮዋን እየበላች ሳለ ድንገት ቀና ብላ እናቷን፣ «እማ፣ የእነ እትዬ ካንታ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?» ብላ ጠየቀቻት።

እናቷ ትርንጎ ሳቋ መጣ። ካንታ የአጥር ጎረቤታቸው ናት። አያቶቿ ከህንድ አገር ለንግድ መጥተው፣ በዚያች ባቡር በሚያልፍባት ሞቃት ከተማ የቀሩ ናቸው። አማርኛዋ እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሃይማኖቷ ግን የአያቶቿ ነው። በዓል መጣ በዓል ሄደ፣ በዚያ ቤት የከብት ሥጋ ገብቶ አያውቅም።

«የእነሱ አይፈታም፣ ልጄ። ዕድሜ ልክ ነው።»

«ውይ፣ ሲያሳዝኑ!» አለች ማስተዋል። ትርንጎም ነገሩን በዚያው ረሳችው።

በካንታ ግቢ ሁለት ላሞች ነበሩ። አንደኛዋ ትታለባለች። ሁለተኛዋ ጋውሪ ትባላለች፤ አርጅታለች፣ ወተቷም ከነጠፈ ቆይቷል። የካንታ ባል ደህና ሳለ በረቱን ጠዋት ማታ ይጠርግ ነበር። እሱ ታሞ አልጋ ከያዘ ወዲህ ግን እበቱ ይከመር ጀመር። ዝንቡ ከአጥር አጥር ተዛመተ። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ማለፍ ሆነ ሥራው።

እሑድ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው በእድሩ ቤት ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ገድሉ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ለሁሉም የሚበጅ መላ ያገኙ መስሏቸው ነበር።

«ካንታ፣ ላሞቹ ከሰፈር ይውጡ ተብሏል። የምትታለበዋን የሚገዛሽ አይጠፋም። የነጠፈችውን ደግሞ ለፋሲካ ቅርጫ እኛው እንወስድልሻለን። ደግሞ እንዴት ሰብታለች! አንቺም ትገላገያለሽ።»

ካንታ የልብሷን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«ጋውሪ ልጆቼን በወተቷ አሳድጋልኛለች፣ አቶ ገድሉ። በእኛ ሃይማኖት ላም እናት ናት። እናት ስታረጅ ትጦራለች እንጂ ለቢላ ትሰጣለች?»

«ወተት የላት፣ ጥጃ የላት፤ ጡረታ የወጣች ላም!» ብሎ አንዱ ሰዉን አሳቀ።

«ጋሼ ገድሉም ጡረታ ወጥተዋል፤ ማን አረዳቸው?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሳቁ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። ካንታ ግን አልሳቀችም። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

ትርንጎ ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። ያን ዕለት ግን የልጇ ጥያቄ ትዝ አላትና ተነሣች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም። አሁን ሁዳዴ ነው። አንድ ሰው መጥቶ በግድ ሥጋ ቢያጎርሰን ምን እንለዋለን? የእኛ ጾም የሚፈታበት ቀን አለው። የካንታ የለውም። ዛሬ እኮ ያልናት ‹ጾምሽን እኛ እንፍታልሽ› ነው። እሷ ረቡዕና ዓርብ ወተት ልካልኝ አታውቅም፤ ሳልነግራት ነው ጾሜን የጠበቀችልኝ። የደብራችን ድምፅ ማጉያ መስኮቷ ላይ ነው የሚጮኸው። አንድ ቀን ‹ቀንሱልኝ› ብላለች?»

አቶ ገድሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሺ፣ ሃይማኖቱን ተውነው። ዝንቡስ? ዝንብ እንደሁ ሃይማኖት የለውም!»

«እውነትዎን ነው» አለች ትርንጎ። «ዝንቡ የእኔንም ልጅ እንቅልፍ ነስቷታል። ግን በረቱ ለምን ሳይጠረግ እንደሚውል ካንታን የጠየቃት አለ?»

የጠየቀ አልነበረም።

አቶ ገድሉ አሰብ አደረጉና፣ «እንግዲያው እስከ ፋሲካ እንይ። ካልጸዳ ግን ላሞቹ ይወጣሉ፤ ያኔ ለቅሶ አልሰማም። እንደሚጸዳ ዋስ የሚሆን ማነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

«እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ።

የጎረቤትን እምነት አከብራለሁ ማለት ሽታው ደጃችን እስኪደርስ ድረስ ለማንም አይከብድም። ሰው ለፈጣሪው ብሎ የያዘውን ነገር ምክንያቱ ባይገባን እንኳ፣ የእኛን እንዲጠብቁልን የምንወደውን ያህል ልንጠብቅለት ይገባል። መጠበቅም በአፍ ብቻ አይሆንም፤ አንዳንዴ ሸክሙን መካፈልም ይጠይቃል። ይህን ያነበባችሁ ወገኖቼ፣ ከአጥራችሁ ማዶ ጾሙ የማይፈታ ሰው የለም? የእሱንስ ጾም ማን እየጠበቀለት ነው?

ትርንጎ በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ነጠላዋን ሰቀለችና አሮጌ ቀሚሷን ለበሰች። አካፋና መጥረጊያ ይዛ ሄዳ የካንታን በር አንኳኳች። ካንታ ከፈተች፤ አካፋውን አይታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አትቁሚብኝ እንጂ» አለቻት ትርንጎ። «እማማ ጋውሪን ትንሽ ጠጋ አድርጊልኝ፤ ከሥራቸው ልጥረግ።»