የአቶ ይፍሩ እግር

በአንድ ወቅት፣ እንዲያውም ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አቶ ይፍሩ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ነበሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ በላይነሽ ከሞቱባቸው ወዲህ ደስታም ኀዘንም አይሰማቸውም። ልቅሶው ላይ እንኳ ዕንባ አልወጣቸውም። እንዴት ነዎት ላላቸው ሁሉ «ተመስገን» ነው መልሳቸው።

ምግብም እንዲሁ ነው፤ የቀረበላቸውን ይበላሉ። ጎረቤት ደግሞ፣ የኛን ጎረቤት ታውቁት የለ፣ ኀዘንተኛን ጦሙን አያሳድርም። አንዷ ዘይት የጠጣ ቦንቦሊኖ፣ ሌላዋ ነጭ ዳቦ፣ ሌላዋ ለስላሳ ይዛ ትመጣለች። «ጋሼ ይፍሩ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እምቢ ማለት ጉልበት ይጠይቃል፤ እሳቸው ጉልበቱ የላቸውም። ስኳር እንዳለባቸው ሰፈሩ ያውቃል፤ ግን «ትንሽ ምን ታደርጋለች?» ይባላል።

አንድ ቀን የግራ እግራቸው ጣት ላይ ቁስል ወጣ። አላመማቸውም። ሐኪሙ ሦስቱን ልጆቻቸውን አስጠርቶ፣ «ስኳሩ እስከ ፋሲካ ካልወረደ እግሩ መቆረጡ ነው» አላቸው። አቶ ይፍሩ እዚያው ተቀምጠው ሰሙ። ስለ ሌላ ሰው እግር የሚወራ ነበር የመሰላቸው።

ትልቋ ትርንጎ በሩን ያዘች። ሳህን ይዞ የመጣውን ሁሉ ከደጅ መለሰች። «እናንተ ግቡ፤ ምግቡ ግን ይመለስ» ትላለች። ከሟቿ ጋር አብረው ያረጁት እትዬ ሙላቷ ድፏቸውን እንደታቀፉ ቆሙ። «እኔን? እኔን ከበላይነሽ ደጅ?» አሉና ሄዱ፤ ዳግመኛም አልመጡ። ቀስ በቀስ ሌላውም ቀረ፤ ቤቱ ጭር አለ። ገበያ ላይ ትርንጎን ሰላም የሚላት ጠፋ። ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ ዕንባዋን ጠርጋ ተመልሳ በሩ ላይ ትቆማለች።

መካከለኛው አምባቸው ድስቱን ያዘ። ሆቴል ቤት ወጥ ሠሪ ነው። ነጩን ጤፍ በቀይ ለወጠ፤ የወጡን ዘይትና ጨው ቀነሰ፤ ጎመንና ምስር አበዛ። የሻዩን ስኳር እያሳነሰ፣ እያሳነሰ ጨርሶ አስቀረው። ለአባቱ ግን ትንፍሽ አላለም። «ያው የእማዬ አሠራር ነው» ይላቸዋል። ዋሽቷል፣ ምኑን እንደብቃለን። እሳቸውም «ተመስገን» ብለው ይበላሉ።

ትንሿ ውድነሽ ምንም አልያዘችም። እሷ እንኳ ኬክ ቤት አይታ ማለፍ የማይሆንላት ልጅ ነበረች። አሁን ካባቷ ጋር ቁጭ ብላ ያንኑ ጎመን፣ ያንኑ ሻይ ትጋራለች፤ ውጭም ቢሆን ጣፋጭ አትቀምስም። በየማዕዱ «አባባ፣ ይጣፍጣል?» ትላለች። «ተመስገን» ይሏታል። አንድ ቀን ሻዩን ፉት ስትል ፊቷ ጭምድድ አለ። አዩዋት። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አይጣፍጥም» አሉ። «ኧረ ምንም አይጣፍጥም፣ ልጄ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ የጣፈጠኝ ነገር የለም።»

ያን ጊዜ ገና አለቀሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒታቸውን ሳይጎተጎቱ ይውጡ፣ ቁስላቸውንም ራሳቸው ያጥቡ ጀመር።

ፋሲካ ደረሰ። ሐኪሙ እግሩን አገላብጦ አየና «ስኳሩ ወርዷል፤ እግሩ ተርፏል» አለ።

በበዓሉ ማዕድ ዙሪያ አራቱም ተቀመጡ። በዚያ ቤት የፋሲካ የመጀመሪያ ጉርሻ ለዓመቱ ባለውለታ ነው የሚሰጠው፤ ድሮ የሚያጎርሱት እናት ነበሩ። ዘንድሮ አቶ ይፍሩ እጃቸውን ሰደው ጠቀለሉ።

«በሩን ባልይዝ ድስቱ ምን ሊረባ ነበር?» አለች ትርንጎ። «ሰው ያጣሁት እኔ ነኝ።»

«ድስቱስ ያው የድሮው ቢሆን በሩ ምን ይፈይድ ነበር?» አለ አምባቸው።

ውድነሽ ለአባቷ ሻይ ቀዳች።

አቶ ይፍሩ ሦስቱንም ተራ በተራ አዩ። አንዷ ወዳጆቻቸውን አባራለች፤ አንዱ በሟች ስም ዋሽቷቸዋል፤ አንዷ ደግሞ አብራቸው ከመብላት በቀር የሠራችው የለም። የሦስቱም ውለታ ከበዳቸው፤ ጉርሻው እጃቸው ላይ ቆየ፤ ወጡ በጣታቸው መሃል ይንጠባጠባል። እኔ በበኩሌ አልገባበትም፣ ከሦስቱም ጋር መጣላት አልፈልግም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ያ ጉርሻ የሚገባው ለማን ነው?