የትርንጎ ገበታ

ከቀጋ አምባ መንደር በላይ፣ ምንጩ ከሚፈልቅበት ቋጥኝ አጠገብ፣ እንደ ገበታ የተዘረጋ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የአገሩ ሰው «የትርንጎ ገበታ» ይለዋል። በዘመነ ጽጌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ፣ ጤዛው ደረቅ ሲል፣ የመንደሩ ሰው ትልቅ ትንሹ በእጁ አበባ ይዞ ወደዚያ ይወጣል። ድንጋዩ ላይ በምንጭ ውኃ የተሞላ የእንጨት ገበቴ ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየቀረበ የያዘውን አበባ ስም ጮክ ብሎ ይጠራና ውኃው ላይ ያኖረዋል። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ተጠብቆ አበባው ይጠለላል፣ ውኃው በነጭ ማር ይለወሳል፤ ከዚያ በዕድሜ የገፋችው የመንደሩ ሴት በስንደዶ ጫፍ ነክራ ምላሷ ላይ ጠብ ታደርግና ፊቷን ጨፍገግ አድርጋ፣ «ቀጋው በዝቷል!» ትላለች። ይሄኔ ሴቱ እልል ይላል፣ ወንዱ ያጨበጭባል።

ነገሩን ያልሰማ እንግዳ ግራ ይገባዋል። አሮጊቷ እየነቀፈች ሕዝቡ የሚጨፍረው ምን ነክቶት ነው ይላል። አንዳንዱ የዋህ ደግሞ ከልቡ አዝኖ፣ «ታዲያ ቀጋውን ለምን አታሳንሱትም?» ብሎ ይመክራል። የቀጋ አምባ ሰው በዚህ ምክር ስቆ አይጠግብም፤ ቀጋው የሚበዛው ሆን ተብሎ ነውና። ምክንያቱም እንደሚነገረው እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን፣ መቼ እንደሆነ አዛውንቱ ራሳቸው አይስማሙበትም፣ በዚህ መንደር ትርንጎ የምትባል መድኃኒት አዋቂ ሴት ነበረች ይባላል። መድኃኒቷ እንደ ሌሎቹ ሥር ተምሶ፣ ቅጠል ተወቅጦ የሚጠጣ አልነበረም፤ የአበባ ውኃ ነበር። ለቁስልና ለቁርጠትም አይደለም፤ ሐዘን ለሰበረው፣ ድንጋጤ ለመታው፣ እንቅልፍ ለራቀው ሰው ነበር የምትሰጠው። እንዲህ ያለ ሰው ደጇ ሲደርስ አፏ በሰም ከተደፈነች ትንሽ ቅል በስንደዶ ጫፍ ቀድታ ምላሱ ላይ ጠብ ታደርግለታለች፤ ከዚያም ሥራዋን ትታ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ከጠብታውና ከመቀመጧ የትኛው ያድን እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ሰው ግን ይድን ነበር።

የዚያ ዘመን የመድኃኒት ሕግ ጥብቅ ነበር። ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል ይባል ነበርና፣ አዋቂው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ለአንድ ልጁ ብቻ በጆሮው ሹክ ብሎ ያልፋል። መድኃኒተኛ ሲለቅም ያጋጠመው ሰው ፊቱን ማዞር እንጂ ሰላምታ መስጠት ይቅርና ማየት እንኳ አይፈቀድለትም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ፣ የዳነ ሰው አያመሰግንም፤ ምስጋና የመድኃኒቱን ኃይል ወስዶ በሽታውን ይመልሰዋል ተብሎ ይታመን ነበር።

ይህ የመጨረሻው ሕግ ደብሪቱ ለምትባል የትርንጎ ጎረቤት የእግር እሾህ ሆኖባት ኖረ። ደብሪቱ ገና በወጣትነቷ ባሏ ሞቶባት ጡት የሚጠባ ልጅ ታቅፋ የቀረች ሴት ነበረች። ወተቷ ደረቀ፤ ቀኑ ጨለመባት፤ አንድ ማለዳ ልጇን አስተኝታ ብቻዋን ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደች ይባላል። ትርንጎ ከኋላዋ ደርሳ ክንዷን ይዛ ቤቷ መለሰቻት፤ አንድም የነቀፌታ ቃል ሳትናገር ጠብታውን ሰጠቻት፤ ክረምቱንም ሁሉ አጠገቧ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ከረመች። መስከረም ሲጠባ ደብሪቱ ተነሥታ ቤቷን ጠረገች።

ከዚያ በኋላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ማመስገን አይፈቀድማ! ስለዚህ ምስጋናዋን በእሸት ትልከው፣ በእንስራ ተሸክማ ታመጣው፣ በባዘቶ ትሰጠው ነበር እንጂ በአፏ አላወጣችውም። ትርንጎ ስታያት ፈገግ ትላለች፣ እሷም ፈገግ ትላለች፤ ዓመታት በዚህ አለፉ።

ትርንጎ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ እንጉዳይ ትባላለች። ምስጢሩ አንድ ቀን በጆሮዋ የሚነገራት እሷ ነበረች። እንጉዳይ ወደ ቆላ ተድራ ሄደች፤ ዓመት ሳይሞላትም የቆላ ንዳድ ወሰዳት። መርዶው የመጣ ዕለት ትርንጎ አላለቀሰችም። ከጓዳ ትንሿን ቅል አወጣች፣ ሰሙን ላጠች፣ «ለልጄ ያልደረሰ ለማን ሊሆን ነው!» አለችና ውኃውን ምድጃው አመድ ላይ ደፋችው። ከዚያ መደቡ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያን ቀን ወዲያ ቃል አልተነፈሰችም፣ እህልም በጄ አላለችም።

ደብሪቱ ጠዋት ማታ አጥሚት እያፈላች ከንፈሯን ታርሳታለች። ጥቂቱ ይገባል፣ ብዙው ይፈሳል። ትርንጎ ከቀን ወደ ቀን እያነሰች ሄደች፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ሰው መኖሩ የሚያጠራጥር ሆነ። ደብሪቱ እያየቻት ልቧ ይቆረጥ ነበር። ይህቺ ሴት ብትሞት ሁለት ነገር አብሯት ይቀበራል ስትል አሰበች፤ የአበባው ውኃና ያልተነገረው የእኔ ምስጋና። የአበባው ውኃስ ይቅር፤ ምስጋናው ግን እንዴት ይቀራል?

እናም ወደ ደብሩ አገልጋይ ወደ ቄስ አድማሱ ሄዳ አማከረቻቸው። እሳቸውም ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከወይራው ሥር ሰበሰቡት። ደብሪቱ መሐል ቆማ፣ «ትርንጎ ያልደረሰችለት ማን አለ እዚህ? ዛሬ ለእሷ የሚደርስላት ግን ጠፋ። መድኃኒቷን ስትለቅም ያየ ሰው ካለ እባካችሁ ይናገር» አለች።

ባላምባራስ ይስማው የሚባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «እኔስ ፊቴን አዙሬ ነው ያደግሁት» አሉ። ሌላው «እኔም» አለ። ሌላይቱም «እኔም ብሆን» አለች። በዚያን ዕለት የሰማቸው መንገደኛ ቢኖር፣ የቀጋ አምባ ሰው ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ነው የሚወለደው ብሎ ባወራ ነበር።

«እኔ አይቻለሁ!» አለች ደብሪቱ። «ፊቴን አዙሬ፣ ግን በነጠላዬ ጫፍ ሥር አሾልኬ አይቻለሁ። አሜጃ ነው የምትቆርጠው፤ ያንን ቢጫውን። ይኸው ስሙን ጠራሁት፤ ይርከስ ካለም ይርከስ!»

አንዳንዱ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ ይባላል። ሰማዩ ምንም አላለም፤ ወይራው ላይ የነበረችውም ወፍ ዝማሬዋን አላቋረጠች።

«እኔ እንኳ…» አለ አያ ቢያዝን፣ ንብ አናቢው፣ እራሱን እያከከ። «እኔ ንቦቼን ስከተል ነው እንጂ እሷን ብዬ አይደለም። ጦስኙ ላይ እኩል ያርፋሉ፤ ንቦቼም እሷም። እኔ ያየሁት ንቦቼን ነው፤ እሷ ናት መሐል የገባችብኝ!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ የሁሉንም ምላስ ፈታው። አንዷ «ቀጋ! እጇ እንዳይነካው በቅጠል ይዛ ነው የምትቀጥፈው» አለች። ሌላው አደይ አለ፣ ሌላው ማገጥ አለ። ገበቴው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ያየም ተገኘ። በመጨረሻ ባላምባራስ ይስማው መቋሚያቸውን መታ አድርገው፣ «ምን ታወራላችሁ፣ ዋናውን ሳትይዙ! ገበቴውን ከፀሐይዋ ጋር እያዞረች ታስጠጋዋለች፤ ጥላ ከነካውማ ምኑን መድኃኒት ሆነ!» አሉ።

«አሁን ፊቴን አዙሬ ነው ያደግሁት ብለው አልነበር?» አሉ ቄስ አድማሱ።

«ማዞሩንማ አዙሬ ነበር» አሉ ባላምባራስ። «አንገቴ ደክሞት ነው የተመለሰው!»

ቄሱ ስቀው ሲያበቁ ዕንባቸውን ጠረጉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን መድኃኒቱን ደብቀን በሽታውን አተረፍን። እግዚአብሔር አበባውን የዘራው ሜዳ ላይ ነው፤ ጓዳ አልሸሸገውም። በሉ ነገ በጠዋት ውጡ» አሉና ባርከው አሰናበቱ።

በነጋው ጤዛው ሲደርቅ መንደሩ ባዶ ሆነ። ያየ ያየውን ይዞ ወጣ። ምንም ያላየው ግን ምን ያድርግ? እሱም ከትርንጎ እጅ ጠብታ ቀምሷል፤ ባዶ እጁን መውጣት አሳፈረው። ስለዚህ ከየአጥሩ ላይ የቀረበውን አበባ ቀጠፈ፤ በዚያ አገር አጥር ሁሉ የሚታጠረው ደግሞ በቀጋ ነው። ደብሪቱ የቀረ አበባ እንዳይኖር ብላ እያንዳንዱ ሰው የያዘውን ስሙን እየጠራ እንዲያስገባ ጠየቀች። «አሜጃ!» «ጦስኝ!» «አደይ!» «ማገጥ!» ከዚያ ግን «ቀጋ!» «ቀጋ!» «እኔም ቀጋ!» እያሉ ሲመጡ ገበቴው ነጭ በነጭ ሆነ፤ ውኃው መታየቱ ቀረ። ይበቃል ለማለት ማንም አንጀቱ አልቻለለትም። ባላምባራስ ራሳቸው ቁጢጥ ብለው ገበቴውን ከፀሐይዋ ጋር ሲያዞሩ አረፈዱ። አያ ቢያዝን ለበዓል ያስቀመጠውን ነጭ ማር አመጣ።

ደብሪቱ ውኃውን በቅል ይዛ ገባች፤ ሕዝቡ ደጁን ሞልቶ ቆመ። ትርንጎ እንደ ወትሮው ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው። ደብሪቱ ስንደዶውን ነክራ ከንፈሯ መሐል ጠብ አደረገችላት። ምንም የለም። ደገመቻት። አሁንም ምንም የለም። ያኔ ደብሪቱ የደረቀውን እጇን ያዘችና የዓመታቱን ነገር ከጉሮሮዋ አወጣችው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ከዚያ ገደል የመለስሽኝ አንቺ ነሽ። ልጄን እናት ያለው ያደረግሽው አንቺ ነሽ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይኸው አልኩት! በሽታዬ ይመለስብሽ ካለኝም ይመለስ፤ አንቺ ብቻ ተመለሽልኝ።»

ደጅ የቆሙት ይህን ሲሰሙ ሕጉ ተሰበረ። «እኔንም ከመርዶ ያነሣሽኝ ነሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ አንዱ። «እኔንም እንቅልፍ ያስተኛሽኝ…» አለች ሌላይቱ። አያ ቢያዝን ያለቅስ ነበር ይባላል። ስንት ዘመን ታፍኖ የኖረ ምስጋና በዚያች ጠባብ በር ተጋፍቶ ገባ።

የትርንጎ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ምላሷ ጠብታውን ፈለገ፤ አጣጣመ፤ ግንባሯ ተጨማደደ። ቀስ ብላ ከግድግዳው ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ቀጋው በዝቷል» አለች።

የተቆጣች መስላ ቀና አለችና፣ «ማነው እንዲህ ያበዛው?» አለች።

«ሁላችንም፣ እትዬ» አለች ደብሪቱ፤ «ሁላችንም ነን።»

ትርንጎ ደጁን የሞላውን ሰው አየች፤ በየሰዉ እጅ ላይ የቀጋው እሾህ የጫረውን አየች። ያን ጊዜ ለልጇ ያላወጣችው ልቅሶ መጣላት። ደብሪቱም ቅሉን አስቀምጣ አጠገቧ ቁጭ አለች፤ ያን ክረምት ትርንጎ እንዳደረገችላት ሁሉ።

ሐዘኗ በዚያን ዕለት አለቀ የሚል ተራኪ የለም፤ የልጅ ሐዘን እንዲህ አያልቅም። ነገር ግን አጥሚቱን በገዛ እጇ ይዛ ጠጣች። በሚቀጥለው ጽጌ ራሷ ሕዝቡን አስከትላ ወጥታ አበባውን ሁሉ በስሙ እየጠራች አስተማረች። ማገጥ ላይ ስትደርስ ግን ሳቋ መጣ። «ይህንን ማን ጨመረው? እኔ ማገጥ የምለቅመው ለጥጃዬ ነበር!» አለች። ይውጣ ሲሏት እንቢ አለች፤ በፍቅር የገባ ነው፣ ይቆይ ብላ። ማገጡም እስከ ዛሬ አልወጣም። በእርጅናዋ ስትሞት በጆሮ የሚነገር ምስጢር አልተረፋትም፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀው ነበርና።

እነሆ ድንጋዩ እስከ ዛሬ አለ። ውኃው ከተለወሰ በኋላ የመጀመሪያው ጠብታ በዚያ ዓመት ሐዘን ለገባበት ቤት ይሰጣል፤ ሰዉም ከገበታው ሲወርድ ያላመሰገነው ሰው ካለ ደጁ ድረስ ሄዶ በአፉ ያመሰግነዋል። ከዚያ በፊት ግን አሮጊቷ ቀምሳ ቀጋው በዝቷል ማለቷ፣ እልልታውም ጋብ ሲል ሕዝቡን ዙሪያውን በቁጣ ዓይን እያየች «ማነው እንዲህ ያበዛው?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ ካለው ሕፃን በቀር የማይመልስ የለም፤ ሁሉም በእሾህ የተጫረ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «ሁላችንም!» ይላል።