የእታለም ዓይን ሳይጨልም

ተረት ልጀምር ነው፤ ጠጋ በሉ። ቀለበት ከቀለበት የሚያያዝ ተረት ነውና አንዷም እንዳታመልጣችሁ።

በድሬዳዋ ከተማ አቶ መሸሻ የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና ቤት ብረት ሲሞርዱ ነው የጨረሱት። ባለቤታቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ፍሬሕይወት ባቱ ሄዳ አበባ እርሻ ተቀጥራለች። ጡረታቸው ከአስቤዛ አታልፍም። ደጃቸውን የሚረግጥ ሰው የለም። ከዓለም ጋር የምታገናኛቸው ቁልፏ የሚጫን አንዲት ትንሽ ስልክ ብቻ ናት።

ጅቡቲ የሚኖሩ ታላቅ እህት ግን ነበሯቸው። ሰው ሁሉ እታለም ይላቸዋል። አንድ ቀን እታለም ደወሉ።

«መሸሻ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው። ሐኪሙም አይመለስም ብሎኛል። ሳይጨልም አንዴ ፊትህን ልይ። ሰው ሁሉ በስልክ ይተያይ የለም?»

«ፎቶ ልላክልሽ?»

«ፎቶ ምን ያደርግልኛል! ስታወራኝ፣ ስትስቅ ልይህ እንጂ።»

የእታለም ምኞት ይቺው ናት። ድንበር ተሻግሮ ለመሄድ ሁለቱም አቅም አልነበራቸውም። አቶ መሸሻ ለልጃቸው ነገሯት። ፍሬሕይወት ልትመጣ ከሥራዋ ፈቃድ ብትጠይቅ ከለከሏት፤ ስለዚህ ከጓደኛዋ ያገለገለ ተች ስልክ ገዝታ በአውቶቡስ በሚሄድ ሰው ላከችላቸው። አቶ መሸሻ ስልኩን አበሩትና በትንሿ ስልካቸው ደወሉላት።

«ልጄ፣ በርቷል እኮ። እታለም ግን አልመጣችም።»

«አባዬ፣ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። የድሮዋ ሲም ደግሞ አትስብም፤ በእማዬ ስም ስለሆነች አትቀየርም። አዲስ ሲም አውጣ።»

ስልኩ ያለ ሲም አላሳይም አለ። የእታለም ዓይን ደግሞ ቆሜ አልጠብቅም አለ።

አቶ መሸሻ ሲም ወደሚሸጥበት ሄዱ። ሻጯ የድሮ መታወቂያቸውን አገላብጣ አየችው። «አባባ፣ ይሄ ጊዜው አልፎበታል። አዲሱን መታወቂያ ይዘው ይምጡ» አለቻቸው። ስልኩ ያለ ሲም አላሳይም አለ፤ ሲሙ ያለ መታወቂያ አልወጣም አለ። የእታለም ዓይን ደግሞ ቆሜ አልጠብቅም አለ። በዚያው ሰሞን እታለም ደውለው፣ «ሰው ሲገባ አያለሁ፤ ማን እንደሆነ የምለየው ግን በድምፁ ነው» አሉ።

አቶ መሸሻ መታወቂያ ሊያወጡ ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ሠራተኛው ጣታቸውን የአሻራ ማንሻው መስታወት ላይ አስቀመጠው። አንዴ አስጫናቸው፤ ደግሞ በጨርቅ ጠርጎ አስጫናቸው።

«አባቴ፣ ጣትዎ ላይ ምንም የለም እኮ! መስመሩ የት ሄደ?»

«ብረቱን ስሞርድ እኔም አብሬ ተሞርጄ ነው» አሉ አቶ መሸሻ።

ሠራተኛው ፈገግ አለ። ማሽኑ ግን ፈገግታ አያውቅም። «እንግዲያው ሰፈር ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅዎት ሰው ይምጣና እሳቸው ናቸው ብሎ ይመስክርልዎ» አላቸው። ስልኩ ያለ ሲም አላሳይም አለ፤ ሲሙ ያለ መታወቂያ አልወጣም አለ፤ መታወቂያው ያለ አሻራ አልታተምም አለ፤ አሻራው ያለ ምስክር አላልፍም አለ። የእታለም ዓይን ደግሞ ቆሜ አልጠብቅም አለ።

አሁን ምስክር ከየት ይምጣ? የድሮ ሰው ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ሰፈር ለቋል። የቀሩት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ግድግዳ የሚጋሩት አቶ ዑመር። ሁለቱ በአንድ ጥገና ቤት የሠሩ፣ ከአንድ ሳህን የበሉ ነበሩ። አንድ ቀን የአቶ መሸሻ የብረት መጋዝ ጠፋ። አቶ መሸሻም ሰው በተሰበሰበበት አቶ ዑመርን ሌባ አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሰፈሩም ማን እንደተበደለ ያውቅ ነበርና ቀስ በቀስ ከአቶ መሸሻ ደጅ ራቀ።

ምን ያድርጉ፣ ሄዱ። ሰላምታም ሳይሰጡ በሩ ላይ ቆመው፣ «ነገ መታወቂያ ቢሮ መጥተህ መስክርልኝ» አሉ።

አቶ ዑመር ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «ሌባ ምስክር ይሆናል እንዴ መሸሻ? መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቀኝ፤ ስሜን መልስልኝ።»

አቶ መሸሻ ፊታቸውን አዞሩ። ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እሑድ ፍሬሕይወት ደወለች። «አባዬ፣ ምን ላይ ደረሰ?»

«ምስክር ጠፋ።»

«እስከዚያው ጎረቤት ስልክ ያለው የለም? በሱ ተያዩ።»

«የሰው ደጅ አልጠናም!»

ፍሬሕይወት ጉዳዩን አልገፋችበትም። ደክሟት ነበር፤ በነጋታውም ሥራ አለባት። በኋላ ግን ያን ቀን ዝም ማለቷ ቆጫት።

ስልኩ ያለ ሲም አላሳይም አለ፤ ሲሙ ያለ መታወቂያ አልወጣም አለ፤ መታወቂያው ያለ አሻራ አልታተምም አለ፤ አሻራው ያለ ምስክር አላልፍም አለ፤ ምስክሩ ያለ ይቅርታ አልመሰክርም አለ፤ ይቅርታው ከአቶ መሸሻ አፍ አልወጣም አለ። የእታለም ዓይን ደግሞ ቆሜ አልጠብቅም አለ።

ክረምቱ ገባ፤ ክረምቱ ወጣ። አንድ ጠዋት እታለም ደወሉ።

«መሸሻ፣ ዛሬ ደጅ ወጥቼ ፀሐይዋን ፈለግኳት። ሙቀቷ ፊቴ ላይ አለ፤ እሷ ግን የለችም።»

አቶ መሸሻ ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወጥተው የአቶ ዑመርን በር አንኳኩ።

«ዑመር፣ መጋዙ አልተሰረቀም። ያኔውኑ አግኝቼዋለሁ፤ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ወድቆ ነበር።»

«ያኔውኑ?»

«በማግስቱ። አፈርኩና ዝም አልኩ። ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ እየከበደኝ ሄደ። አንተ አልበደልከኝም፤ የበደልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«ባለቤትህ ስትሞት ድንኳኑ ጥግ ቆሜ ነበር። ና ግባ ትለኛለህ ብዬ ጠብቄ ነበር» አሉ አቶ ዑመር።

«አይቼሃለሁ።»

«አቦ፣ ተወው እንግዲህ! አላህ ይቅር ይበለን። ቆይ ጫማዬን ላድርግ፤ እንሂድ።»

ይቅርታው ከአፍ ወጣና ምስክሩ መሰከረ። ምስክሩ መሰከረና አሻራው አለፈ። አሻራው አለፈና መታወቂያው ታተመ። መታወቂያው ታተመና ሲሙ ወጣ። ሲሙ ወጣና ስልኩ እሺ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ የታሰረው ሰንሰለት በአንዲት ቃል ተተረተረ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፍሬሕይወት በትንሿ ስልክ፣ «አረንጓዴዋን ንካ… አይ፣ ሌላዋን… አዎ እሷን!» እያለች አሳየቻቸው። አቶ ዑመር ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

«ለዚህ ነበር እንዴ?» ብለው ከኪሳቸው የራሳቸውን ስልክ አወጡ። «እኔ እኮ ከልጆቼ ጋር ሁልጊዜ የምተያየው በዚህ ነው። ግድግዳውን አንዴ ብታንኳኳ ኖሮ…» ቀሪውን ዋጡት።

ስልኩ ጮኸ፤ ጅቡቲ ላይ ተነሣ። እታለም በስልኩ መስታወት ውስጥ መጡ። ሻሻቸውን አሳምረው አስረዋል። ምራታቸው ስልኩን ይዛላቸዋለች፤ ዓይናቸው ግን ከስልኩ አልፎ ወደ ባዶ ግድግዳ ያያል።

«መጣህ፣ መሸሻ?»

«መጣሁ፣ እታለም።»

«ታየኛለህ?»

«አይሻለሁ። የእማማን መልክ ይዘሻል።»

«አንተስ ምን ትመስላለህ? ንገረኝ እስቲ።»

አቶ መሸሻ ፊታቸውን በእጃቸው ዳሰሱት። አቶ ዑመር ስልኩን ተቀበሏቸው።

«እታለም፣ እኔ ዑመር ነኝ፤ ጎረቤቱ። ልንገርሽ። ፀጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ጉንጩ ገብቷል። ጆሮው እንደ ድሮው ትልቅ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነው።»

«አይ መሸሻ!» አሉ እታለም። ሳቁ። «እኔ ስትስቅ ነበር ላይህ የፈለግኩት።»

አቶ መሸሻም ሊስቁላቸው ሞከሩ፤ የሚያያቸው ግን አቶ ዑመር ብቻ ነበሩ።

ፍሬሕይወት በትንሿ ስልክ፣ «አባዬ፣ ተሳካ?» አለች።

«ተሳካ ልጄ። ስልክሽ ደህና ነው። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

ተረቴ አለቀ። አፍ ማበሻ ዳቦ ለእኔ አታምጡ፤ ግድግዳ ለሚጋራችሁ ሰው ውሰዱለት፤ ዛሬውኑ።