ምድር ጋቢዋን ያላስገፈፈችበት ቀን

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አጠገቡ ያለውን የሚጎነትል ካለ ከአሁኑ ይውጣልኝ፤ መሀል ላይ ካቋረጣችሁኝ እንደገና አልጀምርም።

ዱሮ ዱሮ፣ ድንጋይም ብረትም ነፋስም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ እናት ፀሐይ ልጆቿን በዙሪያዋ አስፍራ ትኖር ነበር። ከልጆቿ ሦስቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ለእናቷ ቀረብ ያለችው ቬኑስ ነች፤ ያቺ እናንተ የአጥቢያ ኮከብ የምትሏት። ቀጥላ ምድር አለች። ከምድር ወዲያ ቀዩ ማርስ አለ። ሦስቱም ሲወለዱ የአየር ጋቢ ለብሰው ነበር።

እናት ፀሐይ ደግ ነች። ታሞቃለች፣ ታበራለች። ግን ግልፍተኛ ነች፤ ምን ይደረግ፣ እናት አትለወጥ! ፊቷ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ሲበዙ ልጆቿ ይሰጋሉ። ከዚያ ድንገት ቱግ ትላለች፤ የቁጣዋ ነፋስም ያገኘውን ጋቢ እየገፈፈ ይሄዳል። ሌባ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ነፋሱ ቅቤ አንጓችም ነው።

ምድር ይህን ሌባ የምትመክትበት አንድ ዘዴ ነበራት። ሆዷ ውስጥ የቀለጠ ብረት አለ። ብረቱ ሳያቋርጥ ሲዞር ዙሪያዋን ዓይን የማያየው የማግኔት አጥር ይቆምላታል። ብረቱ ከቆመ አጥሩ የለም። አጥሩ ከሌለ ጋቢው የለም። ጋቢው ከሌለ ወንዙም፣ ሣሩም፣ ጉንዳኑም የሉም። እናንተም የላችሁም፣ እንዲህ ተጎልታችሁ ተረት አትሰሙም ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ የእናት ፀሐይ ፊት በነጥብ ተሞላ። በዚያው ቀን ብረቱ ለገመ።

«እሜቴ፣ ስዞር ስዞር ዕድሜዬ አለቀ። እስቲ ጥቂት ልረፍ» አላት።

እውነቱን ነው፤ ምድርም ደክሟት ነበር። «ቆይ፣ ጎረቤት ላማክር» አለችውና ወደ ቬኑስ ዞረች።

«እትዬ ቬኑስ፣ አንቺ አጥር የለሽም። ነፋሱን እንዴት ቻልሽው?»

ቬኑስ ሳቀች። «አጥር ምን ያደርግልኛል? ጋቢ ላይ ቡልኮ፣ ቡልኮ ላይ ሌላ ቡልኮ ደርቤያለሁ። ይግፈፍ እንግዲህ፣ ስንቱን ሊገፍ ነው? አንቺም ደርቢና ተኚ።»

«ውሃሽስ የት ሄደ?»

ቬኑስ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሙቀቱ አተነነው። የተነነውን ደግሞ ነፋሱ ወሰደው» አለች። «ደግሞ ለውሃ!»

ምድር ውቅያኖሷን አየች። አመስግና ወደ ማርስ ዞረች። ማርስ ከስቷል። ትከሻው ላይ የቀረችው ጨርቅ እንኳን ልታሞቅ፣ ገላውንም በቅጡ አትሸፍን። ቀይ አቧራ ለብሶ ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ ማርስ፣ ብረቴ ልረፍ ይለኛል። ላሳርፈው?»

«እኔም አሳርፌው ነበር» አላት ማርስ። «ትንሽ ነኝና ሆዴ ቶሎ ቀዘቀዘ። ብረቴ ሲለግም ተውኩት። ወንዝ ነበረኝ እኮ፣ እታለም። አሁን ያለኝ የወንዙ መንገድ ነው።»

«እንዴት ተወሰደብህ?»

«እናታችን ስትቆጣ ሦስት መልእክተኛ ትልካለች። መጀመሪያ ብልጭታው ይመጣል፣ ያልፋል። ቀጥለው ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ጠጠሮቿ ይመጣሉ፣ ያልፋሉ። ከዚያ ጸጥ ይላል። እኔ ሁልጊዜ በዚያ ጸጥታ ‹አለፈ› እያልኩ እተኛ ነበር። ዋናው ሌባ ግን ኋላ ቀርቶ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ሦስት ቀን መንገድ ላይ ይቆያል። በአንዴ አልገፈፈኝም። በየቁጣው ክር በክር ነው የጨረሰኝ። አንቺንም ሲገፍሽ ማየት አልችልም።»

ምድር አለቀሰችለት። እንባዋን ሳትጠርግ እናት ፀሐይ ቱግ አለች።

በስምንት ደቂቃ ብልጭታው ደረሰ። «መንገደኛ ነኝ» አለና የጋቢዋን የላይኛውን ጫፍ ለብልቦ አለፈ።

«አለፈ፤ ልረፍ?» አለ ብረቱ።

«ዙር» አለችው ምድር።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠጠሮቹ መጡ። እንደ በረዶ አጥሩን ደበደቡት፤ አብዛኞቹ ነጥረው ተመለሱ።

«አለፉ፤ ልረፍ?»

«ዙር።»

ከዚያ ጸጥ አለ። አንድ ቀን ሞላ፣ ምንም የለም። ቬኑስ ከወዲያ ሆና «አለፈ እኮ፣ ምን ያንገበግብሻል? ተኚ እንጂ!» አለቻት። ምድርም ዓይኗ ከበዳት። እውነት አልፎ ይሆን አለች በልቧ። ብረቱ ይህን ሲሰማ አዘገመ፤ አጥሩም ሳሳ።

«ብረቴ» አለችው ምድር፣ «ልረፍ ማለትህ አይፈረድብህም። ግን ጋሼ ማርስ ወንዝ ነበረው። አሁን መንገዱ ብቻ ነው የቀረው።»

ብረቱ ብረት ቢሆንም እንግዲህ ሆድ አለው። «ወንዞቹ ሁሉ ናቸው የሚሄዱት?» አላት።

«ሁሉም።»

ሌላ አልጠየቀም። ዞረ። ተንተክትኮ ዞረ፤ አጥሩም ተገትሮ ቆመ። ወዲያው ከቬኑስ በኩል «ኧረ ቡልኮዬን!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሦስተኛው መልእክተኛ፣ ዋናው ሌባ፣ ለካ መንገድ ላይ ነበረ።

ነፋሱ ምድር ደጃፍ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «እመቤቴ፣ ከእናትሽ ሰላምታ ይዤ ነው። ጋቢሽ አቧራ ይዟል፣ ላራግፍልሽ።»

«ሰላምታህን ከዚያው ሆነህ አድርስ» አለችው።

ተቆጣና ገፋ። አጥሩ በፊት ለፊት ሰረጎደ፣ ግን አልተሰበረም። ሁለተኛ ገፋ። ብረቱ እያቃሰተ ዞረ፣ አጥሩ ቆመ። ሦስተኛውን ጊዜ ሌባው በጓሮ ዞረና በሰሜን ጫፍና በደቡብ ጫፍ ሾልኮ ገባ። ጋቢውን ሊገፍ ጫፉን ጨበጠ። አየሩ ግን እጁን ያዘው፤ ግብግብ ገጠሙ። በግብግቡ ጋቢው በሁለቱም ጫፍ በራ፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ ሆኖ ተወዛወዘ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምድር ጋቢ ጥለት አልነበረውም፤ ዛሬ ግን በሁለቱ ጫፎች ያሉ ሰዎች ሌሊት ሰማይ ላይ ያዩታል። ሊሰርቅ የመጣው ጥለት ሠርቶላት ቅስሙ ተሰብሮ ወጣ። እንዲህ ያለ ሌባ ይላክብን አትሉም?

ምድር ወንዞቿን ቆጠረች፤ አንድም አልጎደለም። ሣሩ አለ። ጉንዳኑ ጭራሽ አልሰማም፤ ጥሬውን ይጎትታል። በደስታ እልል አለች፤ ብረቱም ሆዷ ውስጥ እየዞረ ሳቀ።

ማርስ ጥለቱን ከሩቅ አየው። ነፋሱ ወደ እሱ ሲመጣ አልሸሸም። ዘመኑን ሙሉ አንገቱን የደፋው ማርስ ያን ቀን በባዶ ትከሻው ተነሥቶ ቆመና ፎከረ።

«የኔን ወንዝ የወሰድክ ሌባ፣ የእህቴን አጣኸው! የነገርኳት እኔ ነኝ!»

ነፋሱ አንዲት ክር መዝዞበት አለፈ። ማርስ ዞሮም አላየው፤ ዓይኑ ምድር ላይ ነበረ።

እኔም የምላችሁ ይህን ነው፤ ጸጥ ሲል አለፈ ብላችሁ ሥራችሁን አትተዉ። ምክር ስትሹም ብዙ የደረበውን ትታችሁ የተገፈፈውን ጠይቁ። ተረቴ እዚህ አበቃ፤ የወደደው ለልጁ ይውሰደው፣ ያልወደደው እዚሁ ይተውልኝ።