የቦኖው ወረፋ

ና ግባ፣ ተረቱ ገና ወረፋ ላይ ነው።

አዲሱ ጀሪካን የሰፈሩ ቦኖ ፊት ተሰልፎ ይቁነጠነጣል። ባለቤቱ ትናንት የገባች ተከራይ ናት፤ አስቀምጣው ሥራ ሄዳለች። ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፤ ተራው ካለፈ ባዶውን ማደሩ ነው። ከፊቱ ደግሞ ድንጋይ ተገትሯል።

«አንተ ድንጋይ፣ ዞር በል! ምን ውሃ ልትይዝ ነው?»

«የእማማ ዘርፌ ወረፋ ነኝ፤ አሟቸው ተኝተዋል። ተረጋጋ፣ ጎረምሳው!»

ቀትር ላይ ውሃው መጣ። ሴቶቹ የእማማን እንስራ ከቤት አምጥተው በድንጋዩ ተራ ሞሉላቸው። ጀሪካኑ «አሁን እኔን ይገፈትሩኛል» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። አንዲት የማያውቃት ሴት ግን እጀታውን ይዛ ቧንቧው ሥር አስገባችው፤ ጢም ብሎ ሞላ። ወደ ተከራይዋ ደጅ ልትወስደው ስታነሳው ድንጋዩ ተጣራ፦

«ደህና ግባ! ባለቤትህን ሰላም በልልን፤ ለመሆኑ ስሟ ማነው?»