ሳል ያልለቀቀው ቡችላ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ የኔታ፣ ደባልቄ ጥያቄውን ገና ሳይጨርስ።

ደባልቄ የመጣው ስለ ሴት ልጁ ሊጠይቅ ነበር። ልጁ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በአቅራቢያው ከተማ አስተማሪ ናት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ለአባቷ ከ«እሺ» በቀር ሌላ ቃል የላትም። ቤት ትገባለች፣ ትበላለች፣ እሺ ትላለች፣ ትተኛለች። ባለፈው እሑድ ደግሞ ከተማ ውስጥ ቤት እየፈለገች መሆኗን ከሰው ሰማ። መከራት። ሽማግሌ ላከባት፤ ሽማግሌዎቹንም እሺ ብላ ሸኘቻቸው። «እንግዲህ የኔታ፣ ምን ልጨምርበት?» ማለት ሲጀምር ነው ወደ ገበሬው የገቡት።

ገበሬው በጎች ነበሩት። በግ ጠባቂ ውሻው በእርጅና ሲሞትበት ከጎረቤት አንድ ቡችላ አመጣ፤ ፀጉሩ የተንዠረገገ፣ መዳፉ ከዕድሜው የሰፋ፣ ትልቅ ውሻ የሚወጣው ዓይነት። ቡችላው በመጣ በሳምንቱ ሳል ጀመረው።

ገበሬው መጀመሪያ መሪጌታ ዘንድ ሄዶ ክታብ ለመነ። መሪጌታው የታማሚውን ስም ጠይቀው ውሻ መሆኑን ሲሰሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ማዶ መንደር ያለች ሥር ማሽ ሴትዮ ዘንድ ሄደ። እሷ ሰውም ይሁን አህያ ለይታ አታውቅም። ቁራጭ ሥር በቆዳ ሰፋች፣ በጠንካራ ክር አንገቱ ላይ አሰረችለትና «ሳሉ ጨርሶ ሳይለቀው እንዳትፈታው» አለችው።

በአሥረኛው ቀን ሳሉ ለቀቀው። የቡችላ ሳል ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ዳሩ ግን ክር ታስሮለት የለቀቀ ሳል ምስጋናው ለክሩ ነው። ገበሬውም ክሩን ሳይፈታው ተወው። «የረዳ ነገር አይፈታም» አለ።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ቡችላው በላ፣ ተመቸው፣ አደገ። መስከረም ላይ ሳሉ ተመለሰ።

«እንኳንም አልፈታሁት» አለ ገበሬው ለሚስቱ። «ክሩ ባይኖርለትማ እስካሁን ሞቶ ነበር።»

ሴትዮዋ ዘንድ ወሰደውና ሳሉ እንደ ባሰበት ነገራት። ሴትዮዋም ነገሩን በሚገባ አሰበችበት። «ሳል ሲያድግ ሥርም ማደግ አለበት» አለችና ወፈር ያለ ሥር በወፈር ያለ ክር አሰረችለት። የመጀመሪያው ክር ፀጉር ውስጥ ሰምጦ አይታይም ነበርና እሷም አልፈለገችው፣ እሱም አላስታወሳት።

ከዚያ በኋላ ውሻው ሲሮጥ ያስለው ጀመር። ሲውጥም ያስለዋል። ከሁሉ የከፋው ሲጮህ ነው፤ «ው» ብሎ ይጀምርና መካከል ላይ ወደ ሳል ይዞርበታል። ቀበሮዎች ይህን ከሰው ቀድመው ተረዱት። በጥቅምት አንድ ግልገል፣ በኅዳር ሁለት ወሰዱ።

«ይህ ውሻ የሚጠብቀው ሳሉን ነው» አለች ሚስቱ። «እስከ ገና ካልተሻለው ገደል ማዶ ወስደህ ጣለው። ከእንግዲህ ግልገል ለቀበሮ አላሳድግም።»

ገበሬው ግን ውሻውን ይወደው ነበር። ነጭ ሽንኩርት በማር አሽቶ አጎረሰው። ውሻው ሲውጥ ክፉኛ አሳለው። ገበሬው ይህንም በጎ ምልክት አደረገው፤ «መድኃኒቱ እያስወጣለት ነው» አለ። ለገና በዓል ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከብት የምትከትብ ሐኪም ወደ መንደሩ መጣች። ገበሬው ውሻውን በገመድ ሳይሆን በእቅፉ ይዞ ከላሞቹ ኋላ ተሰለፈ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ጥጃህ የውሻ ጥርስ ያወጣው?» አለው ከፊቱ የቆመ ጎረቤቱ።

«አንተ በሬህን ያዝ» አለው ገበሬው።

ተራው ሲደርስ ሐኪሟ መርፌዋን አስቀመጠች። «መቼ መቼ ነው የሚያስለው?»

«ሲሮጥ፣ ሲውጥ፣ ሲጮህ።»

«ተኝቶስ?»

ገበሬው አሰበ። ተኝቶ ሲያስለው ሰምቶ አያውቅም። ይህን እስከዚያች ቀን ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ሐኪሟ ጣቶቿን ወደ ውሻው አንገት ሰደደች። ፀጉሩን ግራና ቀኝ ከፍላ ፈለገች፣ አንድ ክር አገኘች፣ ከበታቹ ሌላ ክር አገኘች። «በማሰሪያና በአንገት መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት» አለች። «እዚህ ጥፍሬም አልገባልኝ።» መቀሷን አውጥታ ሰጠችው። «ያሳሰርከው አንተ ነህ። አንተው ቁረጠው።»

ገበሬው መቀሱን ይዞ ቆመ። «ሳሉ ሳይለቀው እንዳልፈታው ተነግሮኛል፣ እመቤት።»

«ክሩ ካልተፈታ ሳሉ አይለቀውም። ሳሉ ካልለቀቀው አንተ አትፈታም። እንግዲህ ማን ይቅደም?»

ገበሬው መቀሱን ወደ ክሩ አስጠጋ። ከክሩ ጋር የውሻውን ዕድሜ የሚቆርጥ መስሎት ዓይኑን ጨፈነ።

«ግለጥ» አለችው ሐኪሟ። «ጆሮውንም ጨምረህ እንዳትቆርጠው።»

ቆረጠ። ወፍራሙ ክር ወደቀ። ቀጭኑ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ስለ ነበር እሷ ቀስ ብላ አላቀቀችው፤ ቁስሉንም አጠበችለት። ውሻውን ሁለቴ አሳለው፣ ከዚያ ለላሞቹ የተቀዳውን ውሃ ጠጣ።

በዕለቱ አልዳነም። ቁስሉ እስኪሽር ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። በገና ዋዜማ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቀበሮ በእርሻው ዳር ብቅ አለ። ውሻው «ው» ብሎ ጀመረ። ገበሬውና ሚስቱ ሳሉን ጠበቁ። ሳሉ አልመጣም፤ ጩኸቱ እስከ መጨረሻው ወጣ።

የኔታ ተረቱን እዚህ ላይ ጨረሱ። «ጥፋቱ የሴትዮዋ ነው» አለ ደባልቄ።

«አይደለም። የመጀመሪያው ክር ሲታሰር ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አላጠበቀውም፤ አንገቱ ነው ያደገው።» ወደ እሱ ዞሩ። «ልጅህን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ግቢ ያልካት በስንት ዓመቷ ነው?»

«በአሥራ ሁለት። ወንዙ ሲመሽ ይሞላ ነበር፣ የኔታ። ድልድይ አልነበረውም።»

«ደግ አደረግህ። ዛሬስ ድልድይ አለው?»

«ከተሠራ ስምንት ዓመቱ።»

«ትእዛዙስ?»

«እሱ እንዳለ ነው» አለ ደባልቄ።

«ክሩ ያ ትእዛዝ ነው» አሉት የኔታ። «ለመድኃኒት፣ በፍቅር ያሰርከው ነው። ሳሉ ዝምታዋ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛው ክር ናቸው። ዝምታዋ ሳይለቃት አልፈታም ብለህ ይኸው ሦስተኛ ክር ፍለጋ ከእኔ ዘንድ መጣህ። እኔ ሥር አልምስም፣ ልጄ።»

ደባልቄ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ፤ ጉልበታቸውን ሳመ። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ።

«እንዲያው የኔታ፣ ምንም አልጨምርበት?»

«ጨምር እንጂ» አሉት። «ሁለት ጣት።»