አህያ፣ ጅብና የሞላው ኮምፒውተር

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት፣ የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር «ዲስኩ ሞልቷል፤ ከዚህ በኋላ ምንም ማስቀመጥ አይቻልም» አለ። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይሠራ የነበረው አህያ ይህን ሲያነብ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተኙ።

አህያ የተማረ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ከመሬት በታች ውሃ ያለበትን ሥፍራ ሁሉ የሚያሳይ ካርታ ሠርቶ ነበር። ያኔም ኮምፒውተሩ ሞላ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቀበሮ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ካርታውን ጣለበት። አህያ አቤት ቢልም ሰሚ አላገኘም። ሣር ሲግጥም ውሃ ሲጠጣም ያቺ ቀን ትዝ ትለዋለች። ካርታውን እንደገና ሀ ብሎ ጀምሮ ገና ግማሽ ላይ ደርሷል፤ ወንዙ ደግሞ በየቀኑ እየጎደለ ነው።

አንበሳ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ኮምፒውተሩን የሞላው ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ ቀበሮ ጅራቱን እያበጠረ። «አህያ ባለበት ጭነት መብዛቱ መቼ ቀርቶ ያውቃል? ካርታውን እንጣልና እንገላገል።»

እንስሳቱ ሳቁ። ጅብ ከሁሉም አብልጦ ሳቀና «ይጣል! አሁኑኑ ይጣል!» እያለ ምራቁን ዋጠ።

«ጌታዬ፣» አለ አህያ። «አንዴ ተጥሎብኛል። ያን ጊዜ ክብደቱን ያየ አልነበረም። እኛ አህዮች ጭነት ሲያጋድል ያገኘነውን ጆንያ አንወረውርም፤ አንድ በአንድ አውርደን የትኛው እንደከበደ እናያለን። እስከ ማታ ጊዜ ይስጡኝ። የኔ ሆኖ ከተገኘ በገዛ ሰኮናዬ እጥለዋለሁ።»

«እስከ ማታ ሰጥቼሃለሁ፣» አለ አንበሳ። «እስከዚያ የከበደውን ካላገኘህ ካርታው ይጣላል፤ አንተም ወደ ጭነትህ ትመለሳለህ።»

አህያ በመጀመሪያ የከፈተው የራሱን ማህደር ነበር፤ ጥፋተኛ አለመሆኑን እያወቀም ፈርቶ ነበር። ካርታው ላባ ያህል እንኳ አይከብድም። እፎይ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደ። የአንበሳን አዋጆች አየ፤ ቀላል ናቸው። የቀበሮን አየ፤ የጅራቱ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ዲስክ አይሞላም። ሁሉን ቢደምረው ግን የዲስኩን ግማሽ እንኳ አልሆነም።

«የቀረውስ የት ገባ?» አለ ለራሱ።

ዓይኑ ከስክሪኑ ጥግ ላይ ካለችው የቆሻሻ ቅርጫት ላይ አረፈ። በዚያ ዱር የተጣለ ነገር ሁሉ የጅብ ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት የቆየ ደንብ ነው። ስለዚህ ቅርጫቷን ከፍቶ ያያት፣ ባዶም ያደረጋት ኖሮ አያውቅም። አህያም ቢሆን የተጣለ ነገር የጠፋ ይመስለው ነበር።

ጅብ በሩ ላይ ተጋድሞ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ይቺን ቅርጫት ልክፈታት?»

«እንዴት ተደርጎ! ጓዳዬን?»

«ምን ጓዳ አለው? ቆሻሻ መጣያ እኮ ነው።»

«ታዲያስ! ቆሻሻ መጣያ ጓዳ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«ምን አስቀመጥህባት?»

ጅብ ዓይኑን ጨፈነ። «የሞተች ግመል አለች፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ቪዲዮ አንስቻታለሁ። የሠርግ በሬዎች አሉ። እኔ ስጮህም ተቀድቷል። ሲርበኝ እከፍትና አያለሁ። ሌሎች የጣሉትንም አልነካሁም፤ አጥንት አይጠፋውም ብዬ ነው።»

«ሌሎች የጣሉትንም?» አለ አህያ ብድግ ብሎ።

አንበሳና ቀበሮ ተጠሩ፤ ቅርጫቷም በፊታቸው ተከፈተች። ከዲስኩ ከግማሽ በላይ የያዘችው እሷ ነበረች።

«እኔም ይህንኑ ልናገር ነበር፣» አለ ቀበሮ።

አህያ ከበሬዎቹ ሥር፣ ከግመሏም ሥር ወረደ። ከሁሉ በታች የመጀመሪያው ካርታው፣ አንዲት ጉድጓድ ሳትጎድልበት፣ ተቀምጧል።

«ይህ ሁሉ ዘመን እዚህ ነበር?» አለ አንበሳ።

«አዎ ጌታዬ። ውሃ ፍለጋ ስንንከራተት እሱ ከግመል በታች ተኝቶ ነበር።»

«እሱን አንድ ቀን ልሼዋለሁ፣» አለ ጅብ፤ «ሥጋ የለውም።»

አህያ ካርታውን ወደ ቦታው መለሰና ቅርጫቷን ሊያራግፍ ሲል ጅብ እሪ አለ።

«አንዲት ግመል እንኳ ተውልኝ ወንድሜ!»

አህያ ሳቁ መጣ። ከሳቀ ስንት ጊዜው! ከጎን የተነሳችዋን ተወለት፤ ሌላውን አራገፈ። ኮምፒውተሩ ጭነቱ እንደወረደለት ጀርባ ቀለለው።

በማግስቱ ካርታው ባመለከተበት ደረቅ መሬት ላይ ቆፈሩ፤ ውሃው ቡልቅ አለ። ቀድሞ የጠጣው ቀበሮ ነበር። አህያን ይቅርታ የጠየቀ ግን አልነበረም። አህያም በተራው ጎንበስ ብሎ ጠጣ፤ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሲጠጣ ያቺ ቀን ትዝ አላለችውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤት ሲጠብብን ዝም ብሎ የሚሠራውን ከማስወጣታችን በፊት፣ ቦታውን በእርግጥ የያዘው ማን እንደሆነ ማንም የማይከፍተውን ቅርጫት ሳይቀር ከፍተን ማየት እንዳለብን ነው።